ጤናማ ጥንቸል በአፏ የምትሸከማቸው ባክቴሪያዎች

ባሕር ዳር፦ የጤናማ ጥንቸል አፍ ከባክቴሪያ የጸዳ አይደለም። በጥርሷ፣ በድዷ፣ በምላሷ እና በጉሮሮዋ ላይ በርካታ ዓይነት ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ጥንቸሏም ትበላለች፣ ትዘላለች፣ ትወልዳለች። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች ጥቂቶቹ ግን ጥርሷ ሲበላሽ፣ ማደሪያዋ በሽንት ጠረን ሲታፈን ወይም ሰውነቷ ሲዳከም እብጠትና የሳንባ ሕመም ያስከትላሉ። የሚለወጠው አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያው ሳይሆን ጥንቸሏ የምትገኝበት ሁኔታ ነው።

ይህንን ልዩነት መገንዘብ ለአርቢው ትልቅ ትርጉም አለው። ባክቴሪያ ተገኘ ተብሎ ያለ በቂ ምክንያት የሚሰጥ መድኃኒት፣ በተለይም በአፍ የሚሰጥ የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒት፣ ጥንቸልን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። በአንጻሩ በመንጋጋ ላይ የሚታይን ትንሽ እብጠት ችላ ማለትም የእንስሳዋን ሕይወት ያሳጣል። ይህ ጽሑፍ በጥንቸል አፍ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች እነማን እንደኾኑ፣ መቼ በሽታ እንደሚያስከትሉ፣ አርቢው ምን ማድረግና ምን አለማድረግ እንዳለበት ያብራራል። በግና ከብት ለሚያረቡ አርሶ አደሮችም ትምህርቱ አንድ ነው።

የቤት ጥንቸልና የዱር ጥንቸል

በአማርኛ በሜዳና በቁጥቋጦ የሚታየውንም፣ በቤት የሚረባውንም እንስሳ ጥንቸል ብለን እንጠራለን። ሁለቱ ግን የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። በሀገራችን በዱር የሚኖሩት ጉድጓድ ሳይቆፍሩ በሣር መካከል የሚያርፉ፣ ረዣዥም እግር ያላቸው ጥንቸሎች ሲኾኑ፣ ከእነርሱም መካከል በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ ዝርያ አለ። የቤት ጥንቸል ግን ምንጯ የአውሮፓ ምዕራባዊ ክፍል፣ በተለይም የአሁኖቹ ስፔን፣ ፖርቹጋልና ፈረንሳይ ነው። በዱር የተያዘ ጥንቸልን ከቤት ጥንቸል ጋር ማዳቀል አይቻልም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጥንቸል ከማይበሉ እንስሳት ትመደባለች። በዚህም ምክንያት በአማራ ክልል በርካታ አካባቢዎች ጥንቸል ለሥጋ ሳይኾን ለቤት ማድመቂያና ለልጆች ጓደኝነት የምትያዝ እንስሳ ናት። ለልጆች የቀረበች በመኾኗ ደግሞ ስለ አፏ ንጽሕና፣ ስለ ንክሻዋና ስለ ሕመሟ ጥያቄ ሲነሣ መልሱን በትክክል ማወቅ የወላጆችም ኃላፊነት ነው።

የአፍ ነዋሪዎቹ እነማን ናቸው?

የጤናማ ጥንቸሎች አፍ በጥጥ እየተጠረገ በላቦራቶሪ ሲመረመር የሚገኙት ባክቴሪያዎች በሁለት ሰፊ ወገኖች ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ አየር ባለበት የሚኖሩ ወይም አየር ቢኖርም ባይኖርም መኖር የሚችሉ ናቸው። ስትሬፕቶኮከስ፣ ስታፊሎኮከስ፣ ናይሴሪያ፣ ሞራክሴላ፣ ፓስቱሬላ እና ቦርዴቴላ በዚህ ወገን ይጠቀሳሉ። ከአንጀት ጋር ግንኙነት ያላቸው እንደ ኢ. ኮላይ ያሉ ባክቴሪያዎችም አንዳንድ ጊዜ ይገኛሉ።

ሁለተኛዎቹ አየር የሌለበትን ቦታ የሚመርጡ ናቸው። ፉሶባክቴሪየም፣ ፕሬቮቴላ እና ከአክቲኖማይሰስ ዝርያዎች የተወሰኑት በድድና በጥርስ መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ይደበቃሉ። ናሙናው አየር እንዳይነካው ተደርጎ ካልተወሰደና በልዩ ሁኔታ ካልተመረመረ እነዚህ በላቦራቶሪ ሳይታዩ ያልፋሉ። በጥንቸል መንጋጋ ላይ የሚከሠተውን መግል የቋጠረ እብጠት በማስከተል ረገድ ግን ትልቅ ድርሻ ያላቸው እነዚሁ ናቸው።

ጥንቸል እነዚህን ባክቴሪያዎች የምታገኘው ከተለያየ ቦታ ነው። ግልገሎች ከእናታቸው ይወስዳሉ። ሣሩ፣ ድርቆሹ፣ ውኃው እና የማደሪያው አቧራም የየራሳቸውን ያመጣሉ። ከዚህ በላይ ጥንቸል ለየት ያለ ባሕርይ አላት። ሁለት ዓይነት ዐይነ ምድር ትጥላለች፤ አንደኛው ደረቅና ክብ የኾነው በጠጥ ነው። ሁለተኛው ለስላሳ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ሲኾን ጥንቸሏ እንደወጣ መልሳ ትበላዋለች። ይህ ሕመም ወይም ርኃብ አይደለም። ከብት እንደሚያመሰኳው ሁሉ፣ ጥንቸልም በአንጀቷ ባክቴሪያዎች የተዘጋጀላትን ፕሮቲንና ቫይታሚን ሳታባክን የምታገኝበት መንገድ ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎች በአፏ መገኘታቸውም ከዚህ ባሕርይዋ ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በአፏ ኢ. ኮላይ መገኘቱ ብቻውን የሕመም ምልክት ተደርጎ አይወሰድም።

ነዋሪ ባክቴሪያዎች ጥቅምም አላቸው። ቦታውንና ምግቡን ይዘው ስለሚቆዩ ከውጭ የሚመጡ አደገኛ ባክቴሪያዎች በቀላሉ እንዳይሰፍሩ ያግዳሉ። የጥንቸልን አፍ በጨው፣ በሎሚ ወይም በአረቄ እያጠቡ ለማጽዳት መሞከር ይህንን ሚዛን ከማናጋትና አፏን ከማቁሰል በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

በሳይንስ ታሪክ የጥንቸልና የምራቅ ነገር

በጤናማ አፍ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ረቂቅ ፍጥረታት መኖራቸውን የሰው ልጅ ያወቀው ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ እ.ኤ.አ. በ1683 ከራሱ ጥርስ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር በሠራው ማጉያ መነጽር ሲመለከት የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታትን አየ፤ ያየውንም ለንደን ለሚገኘው የሮያል ሶሳይቲ ጽፎ አሳወቀ።

ከሁለት መቶ ዓመታት ገደማ በኋላ ደግሞ ጥንቸል በዚህ ታሪክ ውስጥ ገባች። አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ጆርጅ ስተርንበርግ የራሱን ምራቅ በጥንቸሎች ቆዳ ሥር ወጋ። እርሱ ሙሉ ጤነኛ ነበር፤ ጥንቸሎቹ ግን ሞቱ። በዚያው ወቅት በፓሪስ ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ በሽታ ከሞተ ሕፃን ምራቅ ተመሳሳይ ባክቴሪያ አገኘ። ሁለቱም ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1881 ይፋ አደረጉ። ባክቴሪያው ዛሬ ኒሞኮከስ የሚባለውና በሰው ላይ የሳንባ ምች የሚያስከትለው ነው።

የዚህ ሙከራ ትምህርት ዛሬም ይሠራል። በአንዱ አፍ ያለ ጉዳት የሚኖር ባክቴሪያ ወደ ሌላ እንስሳ ሰውነት ወይም ሊገኝበት ወደማይገባው የሰውነት ክፍል ሲገባ ገዳይ ሊኾን ይችላል። አደጋው የሚወሰነው በባክቴሪያው ስም ብቻ ሳይኾን በገባበት ቦታና በተቀባዩ አቅም ነው።

የጥርስ ነገር

በጥንቸል አፍ ውስጥ ለባክቴሪያ በር የሚከፍተው ዋናው ነገር ጥርስ ነው። ጥንቸል 28 ጥርሶች አሏት። ከላይ አራት፣ ከታች ሁለት የፊት ጥርሶች ይገኛሉ፤ ከላይኞቹ አራት መካከል ሁለቱ ከትልልቆቹ ጀርባ የተደበቁ ትንንሾች ናቸው። ክራንቻ የላትም። ቀሪዎቹ 22ቱ በጉንጯ ውስጥ ተደብቀው የሚገኙ መንጋጋዎች ናቸው።

የሰው ጥርስ ካደገ በኋላ አይጨምርም። የጥንቸል ጥርሶች ግን ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋሉ። የፊት ጥርሶቿ በሳምንት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራሉ። ይህንን እድገት የሚያካክሰው ማኘክ ነው። ጥንቸል ሣርና ድርቆሽ ስትበላ መንጋጋዋን ወደ ጎን እያንሸራተተች ለረጅም ሰዓት ታኝካለች፤ ጥርስ ከጥርስ ጋር እየተፋተገም ልኩን ይጠብቃል።

ጥንቸሏ ፉርሽካ፣ ዳቦ፣ እንጀራ ወይም የተከተፈ ካሮት ብቻ ስትመገብ ማኘኳ ያጥራል። በዚህ ጊዜ ጥርሶቿ ይረዝማሉ፤ መንጋጋዎቹ ሹል ጫፍ አውጥተው ምላሷንና ጉንጯን ይወጋሉ። ሥሮቹም ወደ ኋላ እየተገፉ የመንጋጋን አጥንት ይጫናሉ። የላይኛው ጥርስ ሥር ሲገፋ የእንባ መውረጃውን ስለሚዘጋ ዐይኗ ያለማቋረጥ ያነባል። በቆሰለው ጉንጭና በላላው ድድ በኩል እነዚያ ሰላማዊ የነበሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሥጋና ወደ አጥንት ይገባሉ። የመንጋጋ እብጠት የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው።

የረዘመውን የፊት ጥርስ በጥፍር መቁረጫ ወይም በፒንሳ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። ይህ ጥርሱን እስከ ሥሩ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስንጥቁ ደግሞ ለባክቴሪያ አዲስ መግቢያ ነው። ጥርስን ማስተካከል የሚገባው ተገቢው መሣሪያ ያለው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ነው።

ሰላማዊው ነዋሪ በሽታ የሚያመጣባቸው ሁኔታዎች

የመጀመሪያው የመንጋጋ እብጠት ነው። በታችኛው መንጋጋ ሥር ወይም በጉንጭ ላይ ጠጠር ያለ እብጠት ይታያል። የጥንቸል መግል እንደ በግ ወይም እንደ ከብት መግል ፈሳሽ አይደለም፤ እንደ አይብ የረጋና የወፈረ ነው። ስለዚህ እብጠቱን በምላጭ በጥቶ ማፍሰስ አይፈውሰውም። ቁስሉ ከላይ ይደርቃል፤ ከሥር ግን ይቀጥላል። ፈውሱ የታመመውን ጥርስና መግሉን የያዘውን ከረጢት በቀዶ ሕክምና ማውጣትን፣ ከዚያም ለሳምንታት የሚዘልቅ ክትትልን ይጠይቃል።

ሁለተኛው የመተንፈሻ አካላት ሕመም ነው። ፓስቱሬላ ሙልቶሲዳ የተባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤናማ ጥንቸሎች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ጥንቸሏ በሙቀት፣ በጉዞ፣ በመጨናነቅ ወይም በወሊድ ስትደክም ባክቴሪያው ይበረታል። ማስነጠስ፣ ነጭ ንፍጥ፣ የፊት እግሮች የውስጥ ፀጉር ረጥቦ መጣበቅ ቀዳሚ ምልክቶች ናቸው፤ ጥንቸሏ አፍንጫዋን በእግሯ ስለምትጠርግ ፀጉሩ ይጨማለቃል። ሕመሙ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ሲገባ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፤ ወደ ሳንባ ሲወርድ ደግሞ ትንፋሿ ይከብዳል።

ሦስተኛው ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው መተላለፍ ነው። ድመትም በአፏ ፓስቱሬላ ስለምትሸከም የድመት ንክሻ ለጥንቸል አደገኛ ነው፤ ቁስሉ ከላይ ትንሽ ቢመስልም ባክቴሪያው በጥልቀት ይገባል። ቦርዴቴላ ብዙ ጊዜ ጥንቸልን ሳያሳምም በውስጧ ይኖራል፤ አብራት በአንድ ሳጥን የምትኖር የጊኒ አሳማ ካለች ግን ለከባድ የሳንባ ሕመም ትጋለጣለች። የፓስቱሬላ ሙልቶሲዳ ዝርያዎች በዶሮ ላይም ኮሌራ የሚባለውን በሽታ ያስከትላሉ። ስለዚህ ጥንቸልን ከዶሮ፣ ከድመትና ከጊኒ አሳማ ለይቶ ማኖር ይገባል።

በጎችና ከብቶችም ይሸከማሉ

ከባሕር ዳር ከተማ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ዘንዘልማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ከጥንቸል ይልቅ በግ፣ ፍየልና ከብት የሚያረባው ይበዛል። በዚያው በዘንዘልማ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛል። ከላይ የተጠቀሰው ሐሳብ ለዚህ አካባቢ አርሶ አደር በቀጥታ የሚመለከተው በበጎቹና በከብቶቹ በኩል ነው።

በጤናማ በግ ጉሮሮና አፍንጫ ማንሄሚያ ሄሞሊቲካ የተባለና የፓስቱሬላ የቅርብ ዘመድ የኾነ ባክቴሪያ ይኖራል። በጓ ከገበያ ወደ ገበያ ስትነዳ፣ በመኪና ስትጫን፣ በክረምት መግቢያ ዝናብና ብርድ ሲመታት ወይም መኖ ሲያጥራት ባክቴሪያው ወደ ሳንባ ይወርዳል። ትናንት ስትግጥ የታየች በግ ዛሬ ሞታ የምትገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በከብት ላይም ፓስቱሬላ ሙልቶሲዳ ጉሮርሳ የሚባለውን በሽታ ያስከትላል።

በከብት አፍ የሚኖረው አክቲኖማይሰስ ቦቪስ ደግሞ ለጥንቸሏ የመንጋጋ እብጠት በጣም ቀራቢ ምሳሌ ነው። ባክቴሪያው በጤናማ በሬ አፍ ውስጥ ዓመታትን ያለ ጉዳት ይኖራል። በሬው እሾህ ወይም ሹል ጫፍ ያለው የገብስ ገለባ ሲበላ አፉ ይቆስላል፤ በቁስሉ በኩል ባክቴሪያው ወደ መንጋጋ አጥንት ገብቶ እንደ ድንጋይ የጠጠረ እብጠት ይፈጥራል። በጥንቸሏ መንገድ የከፈተው የረዘመ ጥርስ ነበር፤ በበሬው ደግሞ የሻከረ መኖ ነው።

በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ለበግና ለከብት የፓስቱሬላ በሽታ መከላከያ ክትባቶችን ያመርታል። አርሶ አደሮች ክትባቱን በየአካባቢያቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ምክር መሠረት፣ የበሽታው ወቅት ከመድረሱ አስቀድመው ማስከተብ ይኖርባቸዋል። እነዚህ ክትባቶች ለጥንቸል የተዘጋጁ አይደሉምና ለጥንቸል መስጠት አይገባም። ክትባት ቢኖርም መጠለያ፣ መኖና የጉዞ አያያዝ ካልተስተካከሉ ጥበቃው ጎዶሎ ይኾናል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ፦ የመድኃኒት አሰጣጥ

ጥንቸል ስታስነጥስ ወይም መንጋጋዋ ሲያብጥ ለልጅ የተገዛና የተረፈ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ መስጠት ቀላሉ መፍትሔ ሊመስል ይችላል። ይህ ግን ከበሽታው የከፋ አደጋ ያመጣል።

ጥንቸል ሣርን የምታፈጨው በትልቁ አንጀቷ መግቢያ ላይ ባለው ሰፊ ከረጢት ውስጥ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካኝነት ነው። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ በአፍ የሚሰጥ ፔኒሲሊን፣ ሊንኮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲን እና ኤሪትሮማይሲን እነዚህን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ባዶ በቀረው ቦታ ክሎስትሪዲየም ስፓይሮፎርሜን የመሰሉ መርዝ አመንጪ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ጥንቸሏ መብላት ታቆማለች፣ ውኃ መሰል ተቅማጥ ይይዛታል፤ በቀናት ውስጥም ልትሞት ትችላለች። የሞተችው በሳል ወይም በእብጠት ሳይኾን በመድኃኒቱ ምክንያት ነው።

የእንስሳት ሐኪም ለጥንቸል የሚመርጣቸው ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። የፔኒሲሊን ቤተሰብ መድኃኒትም ቢኾን በሐኪም ውሳኔ በመርፌ የሚሰጥበት አጋጣሚ ይኖራል፤ በመርፌ ሲሰጥና በአፍ ሲሰጥ በአንጀት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እኩል አይደለም። መጠኑ የሚሰላው በጥንቸሏ ክብደት ነው። ለበግ ወይም ለከብት የተገዛ መድኃኒትን በግምት ቀንሶ መስጠት የተሳሳተ ስሌት ነው።

ሌላው ጉዳት ከአንዲት ጥንቸል አልፎ ማኅበረሰቡን የሚነካ ነው። ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ፣ መጠኑ ያነሰ ወይም በመካከል የተቋረጠ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት በአፍና በአንጀት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋቸዋል። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ በቤት ውስጥ ከእንስሳ ወደ ሰው፣ ከሰውም ወደ እንስሳ ይተላለፋል። በዚያን ጊዜ ለልጁም ለበጓም የሚሠራ መድኃኒት ማግኘት ያስቸግራል።

የላቦራቶሪ ውጤትን እንዴት እንረዳ?

በክልላችን የእንስሳት በሽታ ናሙና የሚመረመርበት ላቦራቶሪ በባሕር ዳር ይገኛል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል። ናሙና የሚላከው በእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ነው።

ከጤናማ ጥንቸል አፍ በጥጥ የተወሰደ ናሙና ሁልጊዜም ባክቴሪያ ያሳያል። ስለዚህ ፓስቱሬላ ተገኘ የሚል ወረቀት ብቻውን መድኃኒት ለመጀመር በቂ ምክንያት አይኾንም። ባለሙያው ውጤቱን ከምልክቱ ጋር ያገናዝባል። እብጠት ካለ ደግሞ ናሙናው ከአፍ ላይ ሳይኾን ከእብጠቱ ውስጥ፣ በተለይም ከከረጢቱ ግድግዳ ቢወሰድ ትክክለኛው መንሥኤ የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። የመግሉ መካከል ብዙ ጊዜ የሞተ ነገር ብቻ ይዟል።

ጥንቸል ሰው ብትነክስ

ጥንቸል በተፈጥሮዋ ሰው የምትነክስ እንስሳ አይደለችም። በጆሮዋ ስትነሣ፣ ግልገሎቿ ሲነኩ ወይም ስትፈራ ግን ልትነክስ ትችላለች። ጥንቸልን በጆሮ ማንሣት ክልክል ነው፤ አንድ እጅ በደረቷ ሥር፣ ሌላው በኋላ እግሮቿ ሥር ኾኖ መታቀፍ አለባት።

ንክሻ ሲያጋጥም ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ያስፈልጋል። የፓስቱሬላ ቁስል ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀይ ይኾናል፣ ያብጣል፣ ያማል። ይህ ከታየ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከኾነ ወይም በእጅ መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የግድ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትን ስለማግኘትም የጤና ባለሙያን መጠየቅ ይገባል። ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የስኳር ሕሙማንና የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ምልክቱን ሳይጠብቁ መታከም አለባቸው።

የእብድ ውሻ በሽታ በጥንቸል በኩል መተላለፉ እጅግ የተለመደ አይደለም፤ በሀገራችን ዋናው ምንጭ ውሻ ነው። ኾኖም ጥንቸሏ ቀደም ሲል በማይታወቅ ውሻ ወይም በዱር እንስሳ ተነክሳ ከነበረ ይህንን ለጤና ባለሙያው መናገር አስፈላጊ ነው። ቁስል ላይ አፈር፣ ቡና ወይም ቅጠል መነስነስ አይገባም።

አርቢው በየቀኑ ሊያደርጋቸው የሚገቡ

መኖ፦ ከጥንቸል የዕለት ምግብ ትልቁ ክፍል ሣርና ድርቆሽ መኾን አለበት። በጣና ዙሪያ ከክረምቱ መውጣት በኋላ የሚታጨደው ሣር በደንብ ደርቆ፣ ዝናብና ሻጋታ ሳይነካው ከተከማቸ እስከ በጋው መጨረሻ ያገለግላል። አቧራማ ድርቆሽ ከመሰጠቱ በፊት መራገፍ አለበት። ፉርሽካና ካሮት በትንሹ ብቻ ይሰጣሉ። የአቮካዶ ቅጠል ለጥንቸል መርዛማ ነው፤ የድንችና የቲማቲም ቅጠልም አይሰጣትም። የጫት ገራባም ኾነ ከእርሻ ዳር የታጨደ ሣር ጸረ ተባይ የተረጨበት ሊኾን ስለሚችል ጥንቃቄ ያሻዋል።

ማደሪያ፦ በሽንት የራሰ ጉዝጓዝ የሚያወጣው አሞኒያ የአፍንጫን ውስጠኛ ሽፋን ያቆስላል፤ ለፓስቱሬላ መንገድ የሚጠርገውም ይህ ነው። የጤፍ ጭድ ጥሩ ጉዝጓዝ ነው፤ ሲርስ ግን መቀየር አለበት። ሰው ጎንበስ ብሎ ሲያሸተው ዐይን የሚያቃጥል ማደሪያ ለጥንቸሏ የባሰ ነው። ንፋስ የሚያስገባ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ጥላ ያለው ይኹን።

ውኃ፦ ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ መኖር አለበት። ዕቃው በየቀኑ ይታጠባል።

አዲስ እንስሳ፦ ከገበያ ወይም ከሌላ ቤት የመጣች ጥንቸል ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀሏ በፊት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። በዚህ ጊዜ የምታስነጥስ ከኾነ መቀላቀል የለባትም። ጤናማ መምሰሏ ባክቴሪያ አለመያዟን አያረጋግጥም።

ምርመራ፦ በሳምንት አንድ ቀን የጥንቸሏን የታችኛውን መንጋጋ በጣት በቀስታ መዳሰስ፣ የፊት ጥርሶቿን ማየት፣ አገጯ መርጠቡን፣ ዐይኗ ማንባቱን፣ የፊት እግሮቿ ፀጉር መጣበቁን መመልከት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ክብደቷን በየወሩ መመዘንና መጻፍም ጠቃሚ ነው። የኋላ መንጋጋዎች በባዶ ዐይን ስለማይታዩ ክብደት መቀነስ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምስክር ይኾናል።

አጣዳፊ ምልክቶች፦ ምግብ ፈልጋ ቀርባ መልሳ የምትተው፣ ያኘከችውን የምትጥል፣ ለሃጯ የሚዝረበረብ፣ በጠጧ ያነሰ ወይም የቆመ ጥንቸል ባለሙያ ማየት አለበት። ግማሽ ቀን ያህል ምንም ያልበላች ጥንቸል በአስቸኳይ መታከም አለባት፤ የአንጀቷ እንቅስቃሴ ከቆመ መመለሱ ከባድ ነው። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ልጠብቅ ማለት በግ ወይም ከብት ላይ አንዳንድ ጊዜ ያዋጣ ይኾናል፤ ጥንቸል ላይ ግን አያዋጣም።

ንጽሕና፦ ልጆች ጥንቸሏን ከነኩ፣ ከመገቡ ወይም ማደሪያዋን ካጸዱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና መታጠብ አለባቸው። ጥንቸሏን አፍ ላይ መሳም ወይም ከእርሷ ጋር ምግብ መካፈል አይገባም።

ለማጠቃለል፣ በጤናማ ጥንቸል አፍ ያሉ ባክቴሪያዎች ሊጠፉ አይችሉም፤ መጥፋትም የለባቸውም። አርቢው በእጁ ያለው ነገር በሩን መዝጋት ነው። በሩ የረዘመ ጥርስ፣ የቆሰለ ጉንጭ፣ በአሞኒያ የተቃጠለ አፍንጫና በጉዞ የደከመ ሰውነት ነው። ድርቆሽ፣ ደረቅ ጉዝጓዝ፣ ንጹሕ አየርና በየሳምንቱ የሚደረግ ዳሰሳ ይህንን በር ይዘጋሉ፤ ዋጋቸውም ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ያነሰ ነው። ምልክት ሲታይ ደግሞ የቤቱን መድኃኒት ከማንሣት በፊት በአቅራቢያ ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መሄድ ተገቢ ነው።